መሪ ሲላላ፦ ለቅጥቅጥ ሾፌር የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ያችን አሮጌ ቅጥቅጥ ገዝተህ በአቦምሳና በአዳማ መስመር መጫን ከጀመርክ ወዲህ ከአፍህ የማይጠፋ ቅሬታ አለ። «ጋሼ፣ መሪዋ አይያዝልኝም፤ ቀጥ አድርጌ ብይዛትም እሷ ወዲያና ወዲህ ትላለች» ትላለህ። ጋራዥ ወሰድካት፣ የመሪ ሳጥኑን ብሎን ጠበቅ አደረጉልህ፣ ለጥቂት ቀን ደስ አለህ፣ ከዚያ እንደ ድሮዋ ሆነች። አሁን ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል የቁልቢ ተሳላሚ ለመጫን ተዋውለሃል ሲሉ ሰማሁ። በዚህ መሪ የጨርጨርን ተራራ ልትወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የማውቀውን በቁጥር አድርጌ ጻፍኩልህ። በተራው ሥራው፤ የኋለኛውን አስቀድመህ ከጀመርክ ገንዘብህን ትጨርሳለህ፣ መሪህም ላልቶ ይቀራል።

1. የምትነዳውን እወቅ።

ከሥር ያለችው የአይሱዙ የጭነት መኪና ናት። ጃፓኖቹ ሻንሲዋን የሠሩት ጭነት ዝቅ ብሎ፣ መሐል ላይ እንዲያርፍባት ነው። እኛ አገር ውስጥ ላሜራ ቀጥቅጠን ቁመቱ ረጅም የሆነ ቤት አቆምንባት፣ ከኋላ ጎማዋ ወዲያ ጭራዋን አስረዘምን፣ ጣሪያዋ ላይ ዕቃ መጫኛ ጨመርን። አሜሪካኖችና አውሮፓውያን ጡረታ ሲወጡ አልጋና ምድጃ አስገብተው የሚዞሩባት ቤት-መኪናም ብዙውን ጊዜ አሠራሯ ይኸው ነው፤ ከታች የጭነት ወይም የቫን ሻንሲ፣ ከላይ ቤት። መኪናዋ ስታረጅ እነሱም የሚያማርሩት ያንተኑ ቅሬታ ነው።

ከእጅህ እስከ ጎማው ያለውን መንገድ በቃልህ ያዘው። ከመሪው ዘንግ ይወርዳል፤ ዘንጉ በክሮስ በኩል የመሪ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኑ አንድ ክንድ ይወጣል፤ ክንዱ ረጅሙን የመሪ ዘንግ ይገፋል፤ ያ ዘንግ አንዱን የፊት ጎማ ያዞራል፤ ታይሮዱ ደግሞ ያኛውን ጎማ ከዚህኛው ጋር ያስከትላል። ጎማዎቹ የሚዞሩት በኪንግፒን ላይ ነው፣ አክሰሉን ከሻንሲው ጋር የያዘው ባሌስትራው ነው። በእነዚህ ሁሉ መገጣጠሚያዎች ላይ ጥቂት ጥቂት ክፍተት ሲኖር አንዱም ብቻውን «ተበላሽቷል» የሚያሰኝ አይሆንም፤ ተደምሮ እጅህ ላይ ሲደርስ ግን መሪው አንድ መዳፍ ያህል ዞሮ ጎማው ገና አይሰማውም። ጥፋቱን አንድ ቦታ ብቻ የሚፈልግ መካኒክ የማያገኘው ለዚህ ነው።

2. ነፋስን ከመሪ ለይ።

አዳማ ነፋሻ መሆኗን አንተም ታውቃለህ። በኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለምክንያት አልተተከሉም፤ አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በ34 ተርባይን 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት በ2015 በ102 ተርባይን 153 ሜጋ ዋት ይዘው ሥራ ጀመሩ። ያንን ሁሉ የሚያዞር ነፋስ የአንተን ከፍ ያለ ላሜራ ጎን ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም። ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስትሄድ፣ ወይም በጅቡቲው መንገድ ላይ ሲኖትራክ ከፊትህ መጥቶ ሲያልፍህ፣ አየሩ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋሃል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ራሱ ይስብሃል። ይህ የመሪ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ቅጥቅጥም ይገፋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ባዶዋን፣ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ንዳት። በዚያ ሰዓትም ወደ ሁለቱም ጎን የምትል ከሆነ ላልታለች። ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የምትስብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ፍሬን የያዘ ጎማ፣ የነፈሰ ጎማ፣ ወይም አክሰሉ ከቦታው የተንሸራተተ ባሌስትራ ፈልግ።

3. ከጎማ ጀምር፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

ጎማህ ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሣትህ በፊት፣ ጎሚስታ ጋ አስለካ። በእግር መትቶ «በቂ ነው» የሚልህን አትስማ፤ መለኪያ ይያዝ። ከፊት ግራና ቀኝ እኩል ይሁን። ከኋላ የተጣመሩት ጎማዎች ነገር ደግሞ ይረሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢነፍስ ሌላው ክብደቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ጭራዋም መወዛወዝ ትጀምራለች።

ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የድሮዋ አይሱዙ 7.50-16 ነው የምታደርገው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ራዲያል፣ አንዱ የክር ጎማ ከሆነ ግን በአንድ አክሰል ላይ አይስማሙም። ራዲያሉ ጎኑ ልል ነው፣ የክሩ ደረቅ ነው፤ ሁለቱ መንገዱን በተለያየ መንገድ ይይዙታል፣ አንተም መሪህ ላይ ስትታገል ትውላለህ።

ከዚያ ጎማውን በእጅህ ዳብሰው። መዳፍህን ከውጭ ወደ ውስጥ ሳብ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ። በአንዱ በኩል ለስልሶ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ እጅህን የሚይዝ ከሆነ የጎማዎቹ አፍንጫ፣ ማለትም ከፊት ያላቸው መቀራረብ፣ አለመስተካከሉን ይነግርሃል። ቦታ ቦታ እየዘለለ የተበላ ከሆነ የሚዘል ነገር አለ፤ የላላ መገጣጠሚያ፣ የሞተ ሾክ አብሶርበር ወይም ባላንስ ያልተደረገ ጎማ።

4. ጭነቱን ወደ ፊት አምጣ።

ከቆላው የምትጭነው የሽንኩርትና የቲማቲም ዕቃ ሁሉ ኋላ ጭራው ላይ ይከመራል፤ ለማውረድ ስለሚመች ነው። ከኋላ አክሰል ወዲያ ያረፈ ክብደት ግን ከፊት ጎማው ላይ ክብደት ያነሣል። ፊቷ የቀለለ መኪና መንገድ አትይዝም። ከባዱን በሁለቱ አክሰሎች መሐል አስቀምጥ፣ ጣሪያው ላይ ቀላሉን ብቻ።

5. አሁን ተኛና ፈልግ።

ቀኑን ሙሉ የሚፈልግ ሥራ ይህ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ሜዳ ላይ አቁማት፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ለኋላ ጎማ ታኮ አድርግ፣ ካምቢዮው ነጻ ይሁን። ረዳትህን መሪው ላይ አስቀምጠውና እግሩን ፍሪሲዮን ላይ እንዳያደርስ አስጠንቅቀው። ሞተሩን አስነሣ፣ ምክንያቱም የኃይል መሪ ሞተሩ ሳይሠራ ከባድ ስለሆነ ክፍተቱ ደህና አይታይም። ረዳትህ መሪውን በትንሹ፣ ጎማው ሳይዞር፣ ግራ ቀኝ ያወዛውዝልህ። ሳያቋርጥ፣ ቀስ እያለ።

አንተ ከሥር ግባ። ከጎማው አጠገብ ካለው የታይሮድ ጫፍ ጀምር። መገጣጠሚያውን በመዳፍህ ጨብጠው፤ ጣቶችህ ግማሹ ዘንጉ ላይ፣ ግማሹ ክንዱ ላይ ይረፉ። ደህና ከሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ እጅህ ውስጥ ምንም አይሰማህም። ካለቀ ግን አንዱ ቀድሞ ሌላው ይከተላል፣ መዳፍህ ውስጥም «ቀጭ» ትላለች። በዓይን የማይታየውን ክፍተት እጅ ያገኘዋል። ጎማ ልብሱ ተቀዶ ግሪሱ ወጥቶ አቧራ የገባበት ከሆነ ባይጮህም ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ፤ ያኛው የታይሮድ ጫፍ፣ የረጅሙ ዘንግ ሁለት ጫፎች፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ከዚያ ሳጥኑ ራሱ።

ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ሳጥኑን ሳይሆን የታሰረበትን ሻንሲ እይ። መሪው ሲወዛወዝ ሳጥኑ በሻንሲው ላይ የሚነቃነቅ ከሆነ ብሎኖቹ ላልተዋል፣ ወይም ሻንሲው ተሰንጥቋል። ከብሎኑ ራስ ሥር እንደ ቀይ ዱቄት ያለ ዝገት ካየህ እዚያ ላይ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ከርሟል፤ ሳይላላ እንዲህ ያለ ዱቄት አይወጣም። በመጨረሻ ተነሥተህ ከመሪው ወደ ሳጥኑ የሚወርደውን ዘንግ ክሮሱ ላይ ያዘው። ብዙ ሰው ሥሩን ሁሉ ቀይሮ ጥፋቱ እዚች ትንሽ ክሮስ ላይ ሲገኝ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ዙር በክሪክ ነው። ከአክሰሉ ሥር አንድ ጎማ አንሣ፣ ድፍን እንጨት ደግፍበት፣ በክሪክ ብቻ ተማምነህ አትግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ግፋ ሳብ አድርግ። ከተጫወተ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥልህና ደግመህ ሞክር። ፍሬን ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ከቀጠለ ኪንግፒኑ ነው። ሁለቱ ሲደናገሩ ኪንግፒን ሳያልቅ ኪንግፒን የሚቀየርበት መኪና ብዙ ነው፣ ዋጋው ደግሞ እንደ ኩሽኔታ ማጥበቅ አይደለም። ኩሽኔታውንም ቢሆን በኃይል አታጥብቀው፤ ሲጠብቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበላል።

6. ባሌስትራ የመሪ አካል ነው።

ይህን ስነግራቸው የሚስቁብኝ አሉ። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች ከላሉ፣ ወይም የመሐል ብሎኑ ከተቆረጠ፣ አክሰሉ በጭነትና በፍሬን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አክሰሉ ሲሄድ ጎማው አብሮ ይዞራል፤ አንተ ግን መሪህን አልነካህም። ከኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። የኋላ ባሌስትራ ቡሽና ፒን ሲያልቅ የኋላው አክሰል በየጉድጓዱ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ መኪናዋም ከኋላዋ ትመራለች። ከፊት ያለውን ሁሉ አዲስ አድርገህ መንቀዥቀዧ ያልጠፋ ከሆነ ኋላዋን እይ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጭነት ሲበዛ ከኋላ ቅጠል ማስጨመር የተለመደ ነው። ቅጠል ሲጨመር ባዶዋን ስትሄድ ጭራዋ ከፍ ይላል፣ አፍንጫዋም ይደፋል። ኪንግፒን ሲሠራ አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ተደርጎ ነው፤ ጎማው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው፣ መንገዱንም የሚይዘው በዚህ ዝንባሌ ነው። አፍንጫዋ ሲደፋ ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ያኔ መኪናዋ ቀጥታ መሄድ ይሰለቻታል። የፊቱ ባሌስትራ ደክሞ ከሰመጠም ውጤቱ ያው ነው። ቅጠል ካስጨመርክ በኋላ ነው እንዲህ የሆነችው? መልስህ «አዎ» ከሆነ ግማሹን አግኝተሃል።

7. የሳጥኑ ብሎን የመጨረሻ ነው።

ጋራዡ የጀመረበት ቦታ ይህ ነበር። ሳጥኑ ላይ በዳዶ የተቆለፈች የማስተካከያ ብሎን አለች፤ ስታጠብቃት ክፍተቱ ይጠባል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሷን የሚነካው መኝታ ስለማይጠይቅ ነው። ነገር ግን ሳጥን የሚያልቀው መሐሉ ላይ ነው፣ ብዙውን ቀን ቀጥታ ስለምንነዳ። የመሐሉን ክፍተት ለማጥፋት ከልክ በላይ ካጠበቅክ ስትታጠፍ ይይዛል። ምልክቱም ከመታጠፊያ ስትወጣ መሪው በራሱ አለመመለሱ ነው። ያኔ ወዲያው ካላላላኸው ጥርሱን ይበላዋል፣ አንተም ሳጥን ትገዛለህ።

ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ክፍተት ከቀረ ብቻ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ፣ በጣም በትንሹ አጥብቅ፣ ዳዶውን ቆልፍ፣ ነድተህ ሞክር። የኃይል መሪውን ዘይት መጠንና የፖምፑን ቺንጊያም በዚያው እይ።

8. ግሪስ።

ርካሹ መለዋወጫ ግሪስ ነው፤ የማይገዛውም እሱ ነው። የቆላው አቧራ የደቀቀ ስለሆነ በቀጭን ክፍተት ይገባል፣ ላቫጆ ላይ በኃይል የሚረጨው ውኃ ደግሞ ግሪሱን ያጥባል። ከታጠበች በኋላ ኪንግፒኑን ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሳለ ግሪስ አስገባ፤ አሮጌው ጠቁሮ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ። የማይገባለት ጫፍ ካለ ተደፍኗልና ፈትተህ አጽዳ።

9. ስለ መለዋወጫ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናን ማቆየት የሁላችንም ሥራ ሆኗል። መለዋወጫ ልትገዛ ስትሄድ ያወጣኸውን ዕቃ ይዘህ ሂድ፤ በቃል የተነገረ መጠን አይታመንም። የመሪ ሳጥን ያገለገለ ቢሆንም ደህናውን መርጠህ መግዛት ትችላለህ። የታይሮድ ጫፍ ግን ያገለገለ አትግዛ፤ ከአሮጌው ወጥቶ አሮጌ ነው የምትገዛው።

የተጣመመ ታይሮድ በእሳት አቅንተው ሲገጥሙ ብታይ አትቀበል። ብረቱ ሲሞቅ ጥንካሬው ይለወጣል፤ የሚሰበረው ደግሞ ቆማ ሳለ አይደለም። ብየዳም እንዲሁ፤ በመሪ ዘንግና በክንዶቹ ላይ ብየዳ የለም። ዳዶ ከታሰረ በኋላ ኮፒሊያው ይግባ፣ ጫፉ ይታጠፍ። በሽቦ የታሰረ ካገኘህ ያሰረውን ሰው ሁለተኛ አትሂድበት።

10. «የመሪ ሾክ ግጠም» የሚሉህ ይኖራሉ።

የላላን ነገር አያጠብቅም። መንቀጥቀጡን ይደብቅልሃል፣ ታይሮዱ ማለቁን ይቀጥላል። ሁሉም ነገር ጤነኛ ሆኖ ለነፋስና ለጉድጓድ ትንሽ እንዲረዳህ ከፈለግህ ግጠም፤ ከዚያ በፊት ግን ገንዘብህን ታይሮድ ላይ አውለው።

11. አላይመንት ዕቃው ሁሉ ከተቀየረ በኋላ ነው።

በላላ መገጣጠሚያ ላይ የተደረገ አላይመንት ከጋራዡ በር ሳትወጣ ይበላሻል። አዳማ ወስደህ ስታስተካክል ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛው የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ነው፤ ከፊት በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠበብ ማለት አለባቸው፣ ወደ ውጭ የተከፈቱ ከሆነ መኪናዋ ሁልጊዜ መንገድ ትፈልጋለች። ሁለተኛው ያልኩህ የኪንግፒን ዝንባሌ ነው። በአክሰሉና በባሌስትራው መሐል በሚገባ ሹል ብረት ይስተካከላል፤ የቀጠነው ጫፍ በየት በኩል መግባት እንዳለበት የማያውቅ ሰው ያባብሰዋል፣ ስለዚህ ለክቶ የሚሠራ ሰው ፈልግ።

ሥራው ሲያልቅ መሪው ጠምሞ ቢቀመጥ፣ «መሪውን ነቅለን ቀጥ አድርገን እንተክለዋለን» ካሉህ እምቢ በል። የመሪ ሳጥን ሲሠራ ከሁሉ ጠባብ እንዲሆን የተደረገበት ቦታ መሐሉ ነው፤ መሪውን ነቅለህ ብትተክል ለዓይን ቀጥ ይላል፣ ሳጥኑ ግን ከመሐሉ ወጥቶ ልል በሆነው ቦታ ላይ ይሠራል። የሚስተካከለው በረጅሙ ዘንግ ርዝመት ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካገኘህ ደንበኛው ሁን።

12. ለቁልቢ ጉዞ።

ሥራው ለታኅሣሥ 19 ዋዜማ አይቆይ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ ጨርስና በመስመርህ ላይ በጭነት ሞክራት። መንገድ ላይ መሪውን እንቅ አድርገህ አትያዝ፤ ዓይንህን ከቦኔቱ ፊት አንሥተህ ሩቅ አድርገው፣ ሩቅ የሚያይ ሾፌር በትንሹ ነው የሚያርመው። ነፋስ ወይም የመኪና ግፊት ሲመጣ እሱን በሙሉ ለመመለስ አትታገል፤ ከበዛ ፍጥነት ቀንስ። አዋሽን አልፈህ ወደ አሰበ ተፈሪ መውጣት ስትጀምር መታጠፊያው ይበዛል፤ ከእያንዳንዱ ስትወጣ መሪው በራሱ መመለሱን ልብ በል። ካልተመለሰ 7 ቁጥርን አንብብ።

አዲስ የተገጠመ ዕቃ ሁሉ የመጀመሪያውን ጭነት ከቀመሰ በኋላ ትንሽ ይሰምጣል። ስለዚህ ከሙከራህ ስትመለስ የጎማ ዳዶዎቹን፣ የባሌስትራ ዩ ቦልቶቹንና የመሪ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር ያሰሩትን ብሎኖች ደግመህ አጥብቅ። ቁልቢ ደርሰህ ተሳላሚው ሲወርድልህም፣ ከመተኛትህ በፊት፣ ቁልፉን ይዘህ አንድ ጊዜ ዙራት።